በዝገት የተመዘኑ መጻሕፍት

ዝናቡ ወደ ጎን በሚዘንብበት ወደብ፣
ክላክስቪክ ላይ፣ ከዓሣ ማራገፊያው አጠገብ፣
ሱኒቫ ጠረጴዛዋን ሞልታ ደርድራለች፤
ከአሥራ አንድ መዝገበ ቃላት ሦስቱን ትገዛለች።
የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ልኩ ይታወቃል፤
ለአንዲት ጀልባ ቀለም ይበቃል፣ ከዚያ ያልቃል።

አንዱ ባለ ወርቅ ጥርዝ፣ እንደ ሙሽራ ያጌጠ፣
አንዱ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚሻ፣ ከወፍጮ ድንጋይ የበለጠ፣
አንዱ «መቶ ሺህ ቃል» ብሎ ጀርባው ላይ ይምላል፤
መሐላ የሚያበዛ ነጋዴ ግን ሚዛኑ ይጎድላል።

እሷ በሽፋን አትሸነፍም። የታተመበትን ዘመን፣
ስፌቱን፣ የአዘጋጆቹን ሙያ፣ የፊደሉን መጠን
አይታ ስታበቃ ሁሉንም በአንድ ቃል ትፈትናለች፤
«ዝገት» ትላለች፤ ገጽ ትገልጣለች።

በዚህች ከተማ ዝገት እንግዳ አይደለም፤
ከመልሕቅ ወደ ማጠፊያ ነው፣ ጾም የሚባል የለም።

የመጀመሪያው፦ «ዝገት፤ መዛግን እይ።»
ወደ «መዛግ» ሄደች። «ዝገትን እይ።»
እንደ ሁለት ባለ ዕዳዎች፣ አበዳሪው ሲመጣ፣
አንዱ ወደ ሌላው ደጅ ሲልከው፣ መድረሻ እስኪያጣ።

ሁለተኛው በቀመር አሰረው። ልክ ነው፤ ግን ይደርቃል፤
የሚያውቀውን ያስታውሳል፣ ከማያውቀው ይርቃል።

ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ወንበሯን ሳበች፤
ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አነበበች፦
«ብረትን አየርና ውሃ ሲያገኙት
የሚለብሰው ቀይ ዱቄት፤ ዝም ካሉት
ልብሱ ባለቤቱን ይበላል።»
በእርሳስ ጻፈች፦ ይገዛል።
ቀመረኛው ከሚመለሱት ጋር ካርቶን ይወርዳል።

በዚያው በሩ ተከፈተ፤ ነፋስ ቀድሞ ገባ፣
ቀጥሎ ትሮንዱር፣ ሞተር ጠጋኙ፣ ከነዝናብ ካባ።
«የጀልባዋ ፕሮፔለር ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ሆኗል፤
ዝገት አይደለም፣ ያበራል፣ ግን ተቦርቡሯል።
እኛ የአረፋ ንክሻ እንለዋለን፣ ከአባቶቻችን ጀምሮ፤
መድን ድርጅቱ ግን የሳይንስ ስም ይሻል፣ በወረቀት ሰፍሮ።»

አረፋ! ሱኒቫ ፈለገች። ስድስተኛው ዝም አለ፤
ባለ መቶ ሺሁ ዝም፤ ባለ ወርቁ ስለ ወይን አረፋ ሲያወራ ዋለ።
ካርቶን ውስጥ እጇን ላከች፤ ያን ደረቁን አወጣች፣
ከ«አረፋ» ወደ «ግፊት»፣ ከ«ግፊት» ወደ ፊት ገፋች፦
«ካቪቴሽን፤ ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ ውስጥ የሚወለድ አረፋ፣
ሲፈነዳ ብረት የሚቦረቡር፤ ሥዕል አራት።» ትሮንዱር ላዩ ላይ ተደፋ፤
«የእኔው ነው!» አለ፤ ከቆቡ የወረደ ጠብታ
የአከፋፋዩን ናሙና አራሰው በአንድ አፍታ።

ደረቁ ረጠበ፤ ከእንግዲህ አይመለስም። ሱኒቫ ሳቀች፤
ከስድስተኛው ጎን፣ ትእዛዙ ላይ ጻፈች።
በብጫቂ ወረቀትም «የአረፋ ንክሻ» ብላ
እዚያው ገጽ ውስጥ ሸጎጠች፣ የቤተ መጻሕፍቱን ደንብ ጥላ።

ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። ፖስታ ቤቱ በአሥር ሰዓት ይዘጋል፤
ነገ ደግሞ ማን፣ የምን ስም አጥቶ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?
ባለ ወርቅ ጥርዙ ግን ሥራ አላጣም እስከዚያው፤
ነፋስ እንዳይከፍተው መስኮቱን ደግፎ ቆሟል፣ እዚያው።