አራት ጣት

ሙሜ የመጣ ቀን፣ ከቢዮ አዋሌ፣
ጋራዡ በር ላይ ነበርን፣ እኔና ሮብሌ።
ፀሐይዋ ላሜራውን ስታንጣጣ ውላ፣
እኛ ስንሸሻት ከጥላ ወደ ጥላ።
ትራክተሩ ሲቆም ጎማ ጎማ ሸተተ፤
ሮብሌ ዞሮ ጎንበስ አለ፣ ጥቁር ክር ጎተተ።
የማረሻው ማንሻ፣ ግራና ቀኝ ክንዱ፣
ጎማውን ሲገዘግዝ መጥቷል በመንገዱ።

«አዲስ ነው» አለ ሙሜ፣ «ከጅቡቲ የመጣ፣
ሰፊ ጎማ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ።
ሁለት በሬ ሸጬ፣ ከእህቴ ተበድሬ፣
ይስፋልኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው ጠበበኝ ዛሬ።»

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ መነጽሬ ግንባሬ ላይ፣
ያየሁትን ብረት ሁሉ ለመቁረጥ ቸኳይ።
«ክንዱን በእሳት አግለን ወደ ውስጥ እናጉብጠው።»
«አቦ ተው! ጎማውን ነው፣ ጥርሱን እንቁረጠው።»
ሙሜ አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ ሮብሌን አየ፤
እጁን በሽርጡ ጠርጎ ዝም ብሎ ቆየ።

ያን ጊዜ ጋሽ እርገጤ ከሳጥናቸው ተነሱ፣
ለገሀር፣ ባቡር ጥገና፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣
ትንሿን ጣት ለቶርኖ ሰጥተው በአራቱ የተመለሱ።

ምንም አልተናገሩም።
በጀርባቸው ተንሸራተው ከስሩ ገቡ፤
ቸርኬውን በቁልፍ መቱት፣ ጆሮ ሰጥተው አሰቡ።
ሰንሰለቱን ወጠሩት፣ ክንዱ እንዳይወዛወዝ።
የተሻለ መሰለ።
ሙሜ አስነስቶ ወሰደው፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ አዞረው፤
ሲታጠፍ ግን ያው ክንድ ጎማውን ቦረቦረው።

«ክንዱ» አሉ ጋሽ እርገጤ፣ «ክንዱ ምን አደረገ?
ጎማውስ ቢሆን፣ ሰፋ እንጂ መች ባለገ?
ቸርኬው ነው ወደ ውስጥ ሆዱን ያጎደጎደ፤
ፊቱን አዙሩት፤ ጎማው ወደ ውጭ ከሄደ
ክንዱም መላወሻ ያገኛል።
ግን የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ስጡ፤
የጥርሱ ቀስት ከዞረ ከጭቃ አትወጡ።»

መሸ። ክሪኩን ደጋግሞ አሸዋው ስለዋጠው
አሮጌ የሐዲድ እንጨት ነው ችሎ የተቀመጠው።
ቡሎኑ አሻፈረኝ አለ። ናፍታ ጠጣ፣ እምቢ።
ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተን፣ ሮብሌና እኔ ተንጠልጥለን፣
እሱ በሶማልኛ፣ እኔ በአማርኛ ተሳድበን፣
ሙሜ በኦሮምኛ ፈጣሪን ለምኖልን፣
ከእኩለ ሌሊት በኋላ
ጧ! አለና ለቀቀልን።

ጎማው ብቻውን ሲቆም ከሮብሌ ይረዝማል፤
እንደ ሰከረ ሚዜ ግድግዳ ይደገፋል።
ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ፣ መሀል መንገድ ተላለፉ፤
አንድ ባጃጅ መብራቱን ቀንሶ ጠበቃቸው እስኪያልፉ።

ሊነጋ ሲል በደቻቱ በኩል ነፋስ መጣ።
ጋሽ እርገጤ እጃቸውን በክንዱና በጎማው መሀል
ሰደዱት፤
ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ።
አራት ጣት።
ክንዱም አልነካቸው፣ ጎማውም።
«በል ንዳ» አሉት፤ ፊታቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ሙሜ እኩሉን በብር ከፈለ፣ እኩሉን በሽንኩርት ጆንያ፤
የቀረውን «ኢንሻላህ» ብሎ ሄደ በዚያው በዚያ።

ጋራዡ አሁን የኔ ነው። ጋሽ እርገጤ የሉም።
ሰው መጥቶ «ፋቀብኝ» ሲለኝ እሳት ቶሎ አልጭርም፤
ቸርኬውን በቁልፍ መትቼ ትንሽ አዳምጣለሁ።
ክፍተቱን ልለካ ስል ተለማማጁ ሜትር ያቀብለኛል፤
አልቀበለውም።
እጄ አምስት ጣት አለው፤ ለዚህ ሥራ አንድ ይበዛል።
ትንሿን አጥፌ
አስገባለሁ።