ሰንሰለቱን ይዤ

መቶ መታጠፊያ ቆጥሮ አውቶቡሱ፣
ገደል አፋፍ አራግፎን ሄደ ከነጭሱ።
ቁልቁል ደረጃ ነው፤ ድንጋዩ የራሰ፣
በባዶ እግር ብዛት አልቆ የለሰለሰ።
በሳሪዬ ጫፍ ጠቅልዬ የናስ ገንቦ ይዣለሁ፣
ሞራዳባድ ገበያ ተከራክሬ የገዛሁ።

አማቴ ናት ውስጡ።
ሁለት ኪሎ አትሞላም።

ሃያ ሁለት ዓመት ቤቱን በድምጿ የሞላች፣
"ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ" እያለች፣
ይኸው ከብብቴ ሥር ጸጥ አለች።
ልጇ ኩዌት ነው፤ አሠሪው ፈቃድ ከለከለው፤
"አንቺው አድርሻት" አለኝ በስልክ፣
መስመሩ ይሁን ሳጉ፣ አንዱ እያነቀው።

ዴቭፕራያግ ላይ ወንዞቹ ይገናኛሉ።
አንደኛዋ አረንጓዴ፣ ከቋጥኝ እየተላተመች፣
አረፋ እየደፈቀች፣ እያጓራች መጣች።
ሌላዋ ጭቃ መልክ፣ ደለሏን ተሸክማ፣
ጓዳ ለጓዳ እንደምትሄድ ሴት፣ ኮቴዋ ሳይሰማ።
"ያቺ ጯሂዋ ባጊራቲ፣ አማት ናት፤
ይቺ አላክናንዳ፣ ምራት፣"
አለኝ የቅጠል ጀልባ ሻጩ፣ ጥርሱ ያልሞላ ልጅ፤
"ይቺኛዋን ፍሪያት።"
ሳቅኩ።
እሳቱ ከነደደ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

የዘር ቆጣሪው ፓንዲት ቻክራዳር፣
ባሕር መዝገቡን ዘረጋ በጉልበቱ ዳር።
"መንደር?" አለ። "ዘር?" አለ። ጣቱን ልሶ ገለጠ፤
የባሌ አያት ወጡ፣ ፊርማቸው እንደ ጉንዳን የሮጠ፤
ከሳቸው በላይ አባታቸው፣ በበቅሎ የመጡ፣
ወንድ በወንድ ጫንቃ ላይ፣ እንደ ደረጃው የወጡ።
"የሟች ስም?"
አፌን ከፈትኩ፤ ምንም።
"አማጂ" ነበር የምላት፤ ስሟን ጠርቼው አላውቅም።
የሆስፒታሉን ወረቀት ከቦርሳዬ ጎትቼ፣
ፀሐይ ላይ አነበብኩት፣ ዓይኔን አጥብቤ፣ ተንጠራርቼ፤
ቻሜሊ።
የአበባ ስም!
ያቺ ሴትዮ፣ ቻሜሊ!
"ጻፍልኝ" አልኩት፤ "የእገሌ ሚስት አትበላት።"
ብዕሩን አቆመ። አየኝ። ጻፋት።
"ያመጣትስ ማን ልበል?"
"ምራቷ" አልኩ።
ቆይቼ፣ "ኢንዱባላ በል።"

ከውሃው አፍ ሰንሰለት አለ፣ ከዓለቱ የታሰረ፤
ያልጨበጠውን ወንዙ ስንቴ ወስዶ አስቀረ።
በግራዬ ሰንሰለቱን፣ በቀኜ እሷን ይዤ፣
እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ ከብርዱ የተነሳ ፈዝዤ።
የጨርቁ ቋጠሮ እምቢ አለ፤ በጥርሴ ፈታሁት፤
አመዱን ቁልቁል ደፋሁት።
ነፋስ ግማሹን መልሶ ፊቴ ላይ በተነብኝ፣
ከንፈሬ ላይ አረፈች፤ ሳላስበው ላስኳት፣ ይቅር ይበለኝ።

"ጨው አንሷል፣ አማጂ" አልኳት።

ገንቦው ከእጄ አመለጠ፤ ቋጥኙን መታና
አንዴ ጮኸ፣ ጠርቷት የኖረ ይመስል፣
ከዚያ ወደ አረንጓዴው ይሁን ወደ ጭቃው አላየሁም።
ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፤ "እህቴ፣ ውጪ እንጂ" ይላሉ።
እኔ ሰንሰለቱን ይዤ ቆሜያለሁ፤
ጣቶቼ አልፈታ አሉ።