ወረቀት የሌለው ቅጠል

አራዳ ላይ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣ ጠባብ መድኃኒት ቤት አለኝ፤
ካርቶን ስከፍት፣ እጥፍ ወረቀት ሳነብ የምውል ሰው ነኝ።
ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞር፣ የአፍ መድረቅ፣ ሽፍታ፤
የማይጽፉት የለም ለትንሿ ክኒን፣ ለዓይን ጠብታ።
ሰው ግን አያነበውም፤ ጨው ይቋጥርበታል፤
ወይ ጠረጴዛ ሲነቃነቅ አጥፎ ከእግሩ ስር ይከተዋል።

በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ፣
እትየ አንጓች ገባች፣ ሳትል «እንደምን ዋልክ ወንድሜ»።
ጤና አዳም ነው ሥራዋ። ከቀሃ ዳር ጓሮዋ ጎህ ሲቀድ ትቆርጣለች፤
ቅዳሜ ገበያ፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትሸጣለች።

እጇን ዘረጋችልኝ።
ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ቀልቶ፣ ውኃ ቋጥሮ፣
የፈላ ዘይት እንደ ነካው፣ መስመር መስመር ሠርቶ፣ ጠቁሮ።
«ምች ነው» አለች፤ «ዳማከሴ አሸሁበት፣ አልለቀቀኝም።
ቅባት ካለህ ስጠኝ፤ ብዙ ግን አልከፍልም፣ ገበያው አልቀናኝም።»
«ዛሬ ምን ስትነኪ ዋልሽ?»
«ምን እነካለሁ? ያንኑ ጤና አዳሜን።»
«እሱ ነው እኮ።»
ሳቀች።
«ጤና ያቃጥላል? አንተ ልጅ፣ ትምህርቱ አናትህ ላይ ወጣ።»

«ጭማቂው ብቻውን አያቃጥልም፤ ፀሐይም ብቻዋን እንዲህ አታደርግ፤
ሁለቱ ቆዳ ላይ ሲገናኙ ነው፣ ልክ እንደ ጠበኞች በሠርግ።»

ዝም አለች። ከዚያ «እናቴ ትል ነበር» አለች ቀስ ብላ፣
«‹ሽታ ያለው ነገር ነክተሽ ፀሐይ አትውጪ፣ ይመታሻል ኋላ።›
ታዲያ አንተ አዲስ ምን አልከኝ?
ስሙን ቀየርክ እንጂ ያንኑ ነገርከኝ።»
አፈርኩ።
አምስት ዓመት የተቀመጥኩበትን ትምህርት
እናቷ በአንድ ትንፋሽ ጨርሳዋለች።

ቅባቱን ስጠቀልል፣ ጫማ ጠጋኙም መዶሻውን ሲያሳርፍ፣
ድምጿ ወረደ፣ ጎረቤት እንዳይሰማት እንደምትሰጋ ሰው፦
«ነፍሰ ጡርስ...
ሆዷን ቢቆርጣት፣ ማሰሮ ሙሉ ቀቅለው ቢያጠጧት?»

ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።
«አንድ ዘለላ አይብ ላይ፣ ቆንጠር ተደርጎ በርበሬ ውስጥ፣ እሱ ሌላ ነው፤
ማሰሮ ሙሉ ግን...» ብዬ ቆምኩ።
የቀረውን ዓይኗ ጨረሰው።

«አሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አለች። «ሦስተኛ ወሬን ይዤ ነበር።
ለበጎ ብለው ነው የሰጡኝ። ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረ በቤታችን፣ በሰፈር።
ስሙም ጤና ነው፤
ግን የአዳም ነው።»

እሱ ነው ልላት አልቻልኩም፤
አይደለም ልላትም አልቻልኩም።
መደርደሪያዬን አየሁ፦ ለያንዳንዱ ክኒን ወረቀት፣
በሦስት ቋንቋ፣ ጉንዳን ጉንዳን በሚያክል ፊደል፤
ያ ቅጠል ግን ከነአያቶቻችን ጓሮ አብሮን ኖሮ
አንድ መስመር ጽሑፍ የለው፣ ከሽታው በቀር።

በሳምንቱ በገበያው ሳልፍ አየኋት፤
የተቀደደ ጃንጥላ ስር፣ እጆቿን በፌስታል ጠቅልላ።
«ለምንድን ነው?» ትላለች ለገዢው ሁሉ።
«ለአዋዜ።»
«ውሰጅ።»
«ለሆድ ቁርጠት።»
«የማን ሆድ?»
ይስቁባታል። «ሻጭ ነሽ ወይስ ዳኛ?» ይሏታል።
ዋጋ እንደ ጠየቋት ሰው ዝም ብላ ትጠብቃለች።

አንዲት ልጅ መጣች፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የሳበች፤
ብሩን ቀድማ ዘረጋች።
«የማን ሆድ?»
ልጅቷ አንገቷን ሰበረች።
እትየ አንጓች እስሩን ከሰሌኑ ላይ መልሳ አኖረች፤
ብሩን በልጅቷ መዳፍ አጠፈችና፣
በፌስታል በተጠቀለለ ጣቷ
ወደ ሆስፒታሉ መንገድ አሳየች።