ለአከራዬ፣ ስለ ሁለት ወር ኪራይ

ሴኞር አዴሪቶ፣
ደብዳቤዎ ደርሶኛል።
በቀይ ያሰመሩበትን ቁጥር አይቼዋለሁ፤
አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ዩሮ።
ዘጠኝ ቀን ሳልከፍተው ከጨው ዕቃው ሥር ከርሟል፤
እርጥበት ጠጥቶ ጠርዙ ተጨማዷል፤
ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው።

የምጽፍልዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤
ሂሳብ ላወራርድ ነው።

በሚያዝያ ስድስት ሌሊት አልተኛሁም።
እንቅልፍ አልናፈቀኝምም፤ ክፋቱ እሱ ነው።
ሰማዩ ዝቅ አለ፣ ቦዩ ወርቅ ሆነ፣
ልቤ እንደ ሠርገኛ ሌት ተቀን ዘፈነ፤
የኪራዩን ገንዘብ ቆጥሬ በጠዋት
ጀልባ ገዛሁበት ወለል የሌላት፤
ከተማውን ሁሉ በነጻ ላንሸራሽር፣
ሐይቁን ላቋርጠው፣ ድኻውን ላሻግር፤
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለእርስዎ ደወልኩና
«ሕንጻውን ይሽጡልኝ» አልኩ በትሕትና፤
እርስዎም ሳቁብኝ፣ ሳቅሁ እኔም አብሬ፣
በኪሴ ባይኖርም አንዲት ሳንቲም ፍሬ።

ከዚያ ሰኔ።
ከዚያ አልጋ።
ከዚያ ግድግዳ።
ፖስታ በበሩ ሥር ይገባል፤
እኔ እስከ በሩ አልደርስም።
አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፣
ተኝቼ።
ጸጉሬን ያጠበችልኝ እህቴ ግራሲዬት ናት፣
ጭንቅላቴን እንደ ሕፃን በመዳፏ ደግፋ።
የሴራሚክ ፋብሪካው ቦታዬን ለሌላ ሰጠ፤
ሰማያዊ ወፍ እስልበት የነበረውን ብሩሽ
በካርቶን ላኩልኝ።
እሱ በበሩ ሥር አልገባም፤
ደረጃው ላይ ሁለት ቀን አደረ።

አባቴ እዚሁ አቬይሮ፣ ከከተማው ጀርባ፣
ጨው ያመርት ነበር፤
የባሕሩን ውሃ በጭቃ ገበታ ላይ እያስተኛ።
ዝናብ ከበዛ ይሟሟል፣ ፀሐይ ከበዛ ይመራል፤
ጣቱን ነክሮ በምላሱ ይለካው ነበር።
እኔንም ዛሬ ያቆመኝ ጨው ነው፤
ሊቲየም፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለት።
ነርሷ ኢዳሊና በየወሩ ደሜን ቀድታ ትለካዋለች፤
ካነሰ እበራለሁ፣ ከበዛ እመረዛለሁ።
ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ፣
አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።
እኔም ለራሴ ስል እውጠዋለሁ፣
እየጠላሁትም።
እጄን ያንቀጠቅጠዋል፤
የዚህ ደብዳቤ ፊደል የተንጋደደው በመጠጥ አይደለም።

የባንክ ካርዴ እህቴ ዘንድ ነው።
ሰኞ ሰኞ ሃያ ዩሮ ትቆጥርልኛለች።
አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።
ደረሰኝ አሳያታለሁ፤ ዳቦ፣ ሳሙና፣ ሰርዲን።
አንድ ቀን አበባ ገዛሁ፤
ደረሰኙን ቀደድኩት።

ጀልባዋን በገዛኋት ሲሶ ሸጥኳት፤
መቶ ዘጠና ዩሮ ከዚህ ጋር ታሽጓል።
ሆቴሉ አንሶላ እንዳጥፍ ቀጥሮኛል፣
ስለዚህ ቀሪው አርብ አርብ አርባ፤
ሃያ አራት አርብ፣ ከዚያ አሥር ዩሮ።
ሦስተኛውን ፎቅ ለቱሪስት እንዳሰቡት አውቃለሁ፤
ሜትር ይዞ የመጣውን ወጣት በመስኮት አይቼዋለሁ፤
የመስኮቴን ወርድ ሲለካ
እኔን ሳያየኝ ለካ።

ካስወጡኝ ይንገሩኝ፤
በቀን፣ በጽሑፍ፣ ግራሲዬት ባለችበት።
የሚያስተኛኝ ኪኒን ብቻ አይደለም፤
የማውቀው ግድግዳ፣ የማውቀው የቧንቧ ጩኸት፣
ማታ አራት ሰዓት ላይ የሚጠፋው የደረጃ መብራት።
ይህ ጽሑፍ ግጥም መስሎ አንዳንዴ ቤት ባይመታ
አይፍረዱብኝ፤
ቤቱ በእርስዎ እጅ ነው።

ዙልሚራ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።

አንድ ነገር ረሳሁ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደውዬ
«ድንቅ ሐሳብ መጣልኝ» ካልኩዎ፣
ድምፄም ከመጠን በላይ ደስ ብሎት ከሰሙት፣
አይሳቁ፤
እሺም አይበሉኝ።
ስልኩን ይዝጉና ለግራሲዬት ይደውሉ።
ቁጥሯ ከጀርባው ተጽፏል።