ሦስት ደቂቃ በአምስት ሜትር

ሥራዬ አሳንሰር ነው፤ ሊዝበን፣ በየፎቁ
ሰዎች መሐል መንገድ ቀርተው ሲጨነቁ
የምጠራው እኔ ነኝ፤
ገመድ እያጠበቅሁ፣ ብሎን እየፈታሁ፣
ላይና ታች ስል ነው ዕድሜዬን የፈጀሁ።

«ገንዘብ ከፍሎ መስጠም? አመመህ?» አለኝ ይርዳው፣
ወንድሜ፣ ከዝዋይ ደውሎ፣ ሻንጣዬን ስዘጋው፤
«ውሃ እያሳሳቀ ነው ሰውን የሚወስደው።»
ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።
እንዲሁ እየሳቅን ነው መልሕቁ የተነሣው።

ኦርታ ወደብ ላይ ካፒቴን ዱዋርቴ
ጫማችንን ሰብስቦ በቅርጫት ቆለፈ፤
ስልኩም፣ ደሴቱ ከኋላ ሲያንስ፣ ሲያንስ፣
አንድ መስመር ሳይቀር፣ ሞቶ ተገላገለ።
አሥራ ሁለት ሰው ነን፤ ሰባት ቀን ባዶ እግር፣
ናፍጣና እርጥብ ጎማ፣ የዓሣ ሾርባ፣ ባሕር።

የጥልቀት ጓደኛ በዕጣ ሲታደል
ለእኔ ኢልዳ ደረሰች፤
ስድሳ ሦስት ዓመቷ፣ ጡረታ የወጣች
የጂኦግራፊ መምህር።
የእኔ ፖርቱጋልኛ የብሎንና የፊውዝ፣
የእሷ የደሴት ነው፣ ግማሹን የሚውጥ፤
ከውሃው በላይ ሳለን ብዙም አንግባባም፤
ከውሃው በታች ግን አፍ የለ፣ ጆሮም የለም፣
ጣት ብቻ ነው ቋንቋው፤ እሱም አላነሰም።

ጣትም ግን ያሳስታል።
አውራ ጣት ሲቆም እዚያ «ጎበዝ» ማለት አይደል፤
«እንውጣ» ማለት ነው።
በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓሣ ደስ ቢለኝ፣
አውራ ጣቴን ባቆም፣
ኢልዳ ክንዴን ይዛ ወደ ሰማይ ወሰደችኝ።
ጀልባው ሁሉ ሳቀ።

በአራተኛው ሌሊት ነፋስ ተነሣብን፤
ሳህኑ ሲንሸራተት፣ ሾርባው ወለል ሲያርስ፣
ጀርመኑ ጥርስ ሐኪም ከባልዲው ጋር ሲያወጋ፣
እኔም አልጋ ጨብጬ ማልሁ፣ እስኪነጋ፣
«ከእንግዲህ ከየብስ!»
ነጋ።
ባሕሩም ምንም እንዳላጠፋ ልጅ
ለጥ ብሎ ተኛ።

አምስተኛው ቀን ነው። ከመሬት ሃምሳ ማይል፣
ከውሃ ሥር ተራራ፣ ጫፉ የማይታይ።
ገመድ ይዘን ወረድን።
ሰማያዊ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት፤
ወለል የለው፣ ጣሪያ የለው፣
ማቆሚያ ቁልፍ የለው።
ከዚያ መጡ፤ ባለ ክንፍ ዓሦች፣ ሰባት ስምንት ሆነው፣
ንፋስ እንዳገኘው የተሰጣ አንሶላ
እየተርገበገቡ፣ ያለ ቋጠሮ፣ ያለ ገመድ።

ኢልዳ ፈዛ ቀረች።
የአየሯን መርፌ አየሁ፤ ቀዩን ተሻግሯል።
አውራ ጣት አሳየኋት።
በጣቷ ክብ ሠራች፤ «ደህና ነኝ» ማለቷ።
ደገምሁ አውራ ጣት፤ ደገመችኝ ክቡን።
ያኔ ክንዷን ያዝሁ። ተራው የእኔ ሆነ።

አምስት ሜትር ሲቀር ሦስት ደቂቃ መቆም፣
ደም የጠጣው ጋዝ ቀስ ብሎ እስኪወጣ፣
ግዴታ ነው፤ ሕግ ነው፤
ቸኩሎ የወጣ፣ አይባልም ወጣ።
እዚያው ላይ አለቀ የኢልዳ አየር።
ትርፍ መተንፈሻዬን አፏ ውስጥ ከተትሁት።
ገንዘብ አበድሬ፣ ተካክጄም አውቃለሁ፤
ትንፋሽ ሳበድር ግን ገና መጀመሪያዬ ነው።
መቶ ሰማንያ ሰከንድ፣ ፊት ለፊት፣ በዝምታ፣
ከአንድ ሲሊንደር፣ አንዴ እሷ፣ አንዴ እኔ።
መነጽሯ ሥር ውሃ ነበር፤
ባሕሩ ይሁን እሷ፣ አልጠየቅሁም።

ጀልባው ላይ አላመሰገነችኝም።
ብርቱካን ልጣ፣ ጨው ባዘለ ጣቷ፣
ግማሹን ሰጠችኝ።

ሰኞ፣ ሊዝበን፣ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሐል፣
ምግብ አድራሽ ወጣት፣ ሣጥኑን እንዳዘለ፣
በሩን ይደበድባል።
«ሦስት ደቂቃ» አልሁት፤ «ቀስ ብለህ ተንፍስ።»
ድብደባው ቀነሰ፤ ትንፋሹ ተሰማኝ።
በበሩ ስንጥቅ በኩል፣
ደህና ነኝ ለማለት፣ አውራ ጣቱን አቆመ።
እኔ የማውቀው ቋንቋ አንድ ትርጉም ነው ያለው።
ወደ ላይ ሳብሁት።