ብረት ሲጠየቅ

ኩዌት፣ ደጂጅ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ባልዲ ይዤ ስገባ ረምዚ ብረት ያጥባል።
ግብፃዊ ነው። ከብልቃጡ አሲድ ጠብ ያደርግና
እንደ ንስሐ አባት ጆሮ ይሰጠዋል በጥሞና።
ሞርዶ የበላውን ቁጥር ነው የሚያባብለው፣
ሌባ ፍቆ የደበቀውን፣ ብረቱ ግን ያልጣለው።
"ቁጥር ሲመታበት" አለኝ አንድ ሌሊት፣ "ብረት ያመዋል፤
ላዩን ቢሞርዱት፣ ሕመሙ ከሥር ይቆየዋል።"
እውነቱን ነው፤ ቀስ እያለ፣ እንደ መንገደኛ ከአቧራ፣
ሰባት ብቅ አለ፤ ደግሞ አራት፤ ደግሞ ዘጠኝ በተራ።

ሐሙስ የመጣው ግን ሌላ ነው።
ግማሹ ፕላስቲክ፣ ግማሹ ቧንቧ፣
ፋብሪካ ያልወለደው፣ የጓዳ ልጅ።
ረምዚ አሲዱን ጠብ አደረገ፤ ጠበቀ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።
ምንም።
ያልተጻፈ አይነበብም።

መኮንኑ ሚሽዓል ጠረጴዛ መታ፦
"ማተሚያው ሁሉ ይመዝገብ! ቧንቧው ሁሉ ቁጥር ይኑረው!"
"ያ ባሻ" አለ ረምዚ፣ "የአገሩን ቧንቧ ሠራተኛ ልታስር ነው?
ቁጥር ያለውስ መቼ ገዳዩን አሳየን?
ሻጩን አሳየን፤ ከሻጩ የገዛውን፤
ከገዛው ቤት የተሰረቀበትን ሌሊት፤
እዚያ ላይ ክሩ ተበጠሰ።"
"ተበጠሰም ክር ነበር" አለ ሚሽዓል። "አሁን ምን ይዤ ልሂድ?"
መወልወያዬን ጨመቅሁ።
እኔን የጠየቀኝ የለም።

ብጠየቅ፣
እኛ ዘንድ ጠብመንጃ በጆሮ ነው የሚነበበው።
ከገደሉ ማዶ ሲተኮስ፣ አባቴ የጎረሰውን ሳይውጥ
"ይቺ የፈንቴ ምንሽር ናት" ይል ነበር፣
"ያቺ የምታስነጥሰው ደግሞ
ውብአንተ የቀጠቀጣት ቆመህ ጠብቀኝ።"
ውብአንተን ይንቁት ነበር፤ ቡዳ ይሉት ነበር፤
ሰው የወደቀ ቀን ግን ሽማግሌ የሚሄደው እሱ ደጅ ነው።
"የማን እጅ ሠራው?"
"የኔ እጅ" ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ።
"ለማን ሰጠኸው?"
ይናገራል።

ማወቃችን አዳነን አልልም።
ወንድሜን የጣለችውን ጥይት በድምፅዋ ለይቻታለሁ፤
መለየቴ እሱን አልመለሰውም፣
የአጎቴን ልጅ ጨመረበት እንጂ።
ግን ሁለቱንም ስናለቅስ የማንን ስም እንደምንረግም እናውቅ ነበር።
ይህ ፕላስቲክ የማንም አይደለም።
እንዲህ ያለ ሞት ላይ ሙሾ አውራጇ ምን ብላ ትጀምራለች?

ሊነጋጋ ሲል በሩ ላይ ጣቴን አኖራለሁ፤ አረንጓዴ ይበራል፤
"ሐሊማ ኑሩ፣ ጽዳት" ይላል።
ደላላው ዕድሜዬን ስድስት ዓመት ወደ ላይ ሲገፋ
አንጓች የሚለው ስሜ ሞርዶው ሥር ጠፋ።
አሥሩም ጣቴ መዝገብ ላይ አለ፣ ዓይኔ አለ፣ ጥርሴም ሳይቀር፤
እናቴ የጠራችኝ ብቻ ነው ከመዝገቡ የሚቀር።

ትናንት አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ወድቃ ታጨሳለች፤
በጨርቄ ልጠርጋት ጎንበስ አልኩ።
"ሐሊማ!" ብሎ ጮኸ ረምዚ፣ "ተዪው፣ ያቃጥላል!"
ስምንት ዓመት የጠሩኝ ስም ነው።
ማንን ነው የሚጠራው ብዬ
ዞር አልኩ።