ሦስት ጎማ

ከኪንሻሳ ቆመህ ማዶ ብታማትር፣
ብራዛቪል አለች፣ ቆርቆሮዋ ሳይቀር የሚታይ፣ የሚቆጠር።
ሲመሽ መብራቷ ነው ወንዙን የሚሻገር፣
ማኅተም የማይለምን፣ ቀረጥ የማይገብር።

እኛ ግን የቀን ነን።
ንጎቢላ ወደብ፣ ከሽቦው አጥር ሥር፣
ተሰልፈን ውለን፣ ከጥላው ጋር ስንዞር፣
የክትባት ካርድ የሚያይ፣ የታየን ደግሞ የሚያይ፣
ሻንጣ የሚመዝን ሚዛኑ ሳይታይ፤
ለገመዱ፣ ለበሩ፣ ለአለቃው ምሳ፣
ወንዙን ሳንነካው ኪሳችን ደረቀ፣ እንደ ተሰጣ ዓሣ።

ሉዞሎ ይስቃል።
«ይህ ሳሙና» ይላል፣ «ከቻይና ሲመጣ፣
ስንት ባሕር አቋርጦ ብዙም ወጪ አላወጣ፤
ይህችን ኩሬ ሲያይ ነው ዋጋው ቆጥ ላይ የወጣ።»

ሉዞሎ እግር አለው፣ ግን አይቆምበትም፤
በአራት ዓመቱ ፖሊዮ ይዞ አልለቀቀውም።
ታዲያ መርከቡ ላይ እንደ እሱ ያለ ሰው
ግማሽ ነው ክፍያው፣ ፈታሹም አይነካው።
ከልጅነት ሕመም፣ ከዚያ ሁሉ መዓት፣
ይህች ቅናሽ ቀረችው፣ እንደ ርስት፣ እንደ ሀብት።

ጤነኛው ነጋዴ፣ ሁለት እግር ያለው፣
በማለዳ ይመጣል፣ እግር ሊከራየው።
ከወንበሩ ሥር ሳሙና፣ ከጀርባው ጥቅልል ጨርቅ፣
ከጭኑ ላይ ጫማ፣ ሃያ ጥንድ፣ የሚያብረቀርቅ፤
ባለ ሦስት ጎማው ጋሪ አልጠግብ ባይ ሆዱ፣
እኔ ከኋላው ነኝ፣ ላቤ ነው ነዳጁ።

ትናንት በሬዲዮ «ድልድይ ሊሠራ ነው» አሉ፣
ባቡሩም መኪናውም ሽው ብለው ያልፋሉ።
ወደቡ ዝም አለ።
የእኔም ሆድ ፈራ፤
ወንዙ ከረከሰ ማን ይፈልገናል፣ ማን ይሰጠን ሥራ?
ለካ ጉርሳችን ያለችው
በሰው መንገድ ማጣት!
(እንዲህ ማሰቤን ሳውቅ አፈርኩኝ፣ በእውነት።)

ሉዞሎ ጎማውን በምራቅ እያራሰ፣
ቀዳዳ ፈልጎ፣ ጣቱ እስኪመለስ
ምንም አልተናገረም። ኋላ ቀና አለና፣
«ሰማህ?» አለኝ፣ «አንተ፣ እስኪ ልንገርህና፤
ደረጃ አለው ጀልባው፣ ደረጃ አለው ቢሮው፣
በሰው ጀርባ ታዝዬ ነው የወጣሁት ኑሮው።
ድልድይ ግን ሜዳ ነው።
ይሥሩት። ይሥሩትና፣
ሙሉ ዋጋ ከፍዬ፣ ግማሽ ሳልባል፣ እንደ ሰው፣
በገዛ እጄ እየዘወርኩ ወገቡ ላይ ልድረሰው፤
እዚያ ጋ ልቁም እኔ፣
ያለ ጭነት፣ ያለ ወረፋ...»

ሰንሰለቱ ተፈታ፣
ጥሩንባው ተነፋ።
«እስከዚያው» አለኝ፣
«ግፋ።»